አራት ቀይ ክሮች

ኤቫዚዮ ቦርዶኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁለት ሥር፣ ከሁለተኛው መታጠፊያ ባሻገር፣ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ።

የራስ ቁሩ ከራሱ አልወለቀም። ስኩተሩ አሥር ሜትር ያህል ርቃ የወይን ረድፍ ውስጥ ገብታለች። ሞተሯን ያጠፋው ቄሱ ነው፤ ልብሰ ተክህኖውን እንደለበሰ ቁልቁል ሮጦ።

ቀኑ ሆሳዕና ነበር። ሰዉ የወይራ ዝንጣፊውን እንደያዘ በአስከሬኑ ዙሪያ ቆመ። የሚያለቅስ ነበር፤ የሚበዛው ግን ክው ብሎ ቀርቷል። ከኤቫዚዮ ጋር የሚነዱት ስምንቱ ሰዎች ስኩተራቸውን መንገድ ዳር አስደግፈው እርስ በርስ መተያየት አቃታቸው።

የካራቢኔሪ ፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ማሬሻሎ ኒቬስ ፓላዲኖ መንገዱን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደችው። የጎማ ጭረት የለም። ሰውዬው በሁለቱም መታጠፊያዎች ፍሬን አልያዘም፤ ወይም ፍሬኑ እሱን አልያዘውም።

ስኩተሯ አጠገብ ተንበረከከች። የእግር ፍሬኑን በእጇ ተጫነችው። ያለ ምንም ተቃውሞ እስከ መጨረሻው ወረደ። የኋላውን ጎማ የሚይዝበት የፍሬን ሽቦ፣ ካቦው፣ ልል ነበር። የፊቱ አልተነካም፤ ግን በነዚያ አሮጌ ስኩተሮች ላይ የፊት ፍሬን ለሰላምታ ካልሆነ ለሌላ አያገለግልም።

ገና ከጉልበቷ ሳትነሣ አንድ ጥላ መጣባት።

"አይድከሙ፣ ማሬሻሎ። የገደልኩት እኔ ነኝ።"

ሰኮንዶ ጋልቫኞ ነበር፤ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ የሟቹ የሃምሳ ዓመት ጓደኛ።

ይህን ለመረዳት የመንደራችንን የሮካሴታን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። ስኩተሮቻችን የበረዶውን ወራት የሚያሳልፉት በወይን ገበሬዎች ማኅበሩ ምድር ቤት ነው። በኅዳር፣ በቅዱስ ማርቲን ቀን ይገባሉ፣ በሆሳዕና ተባርከው ይወጣሉ። የሚያስተኛቸው ሰኮንዶ ነው። ባትሪውን ይነቅላል። ነዳጁን ይዘጋል። አይጥ እንዳይገባ የጭስ ማውጫውን፣ የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ይወትፋል። የፍሬኑ ሸራ በእርጥበት ከጎማው ታምቡር ጋር እንዳይጣበቅ የኋላውን ካቦ ያላላል። በነቀለው፣ በዘጋው፣ በወተፈውና ባላላው ቦታ ሁሉ አንዳንድ ቀይ ክር ያስራል።

በጸደይ፣ በሆሳዕና ዋዜማ ቀን፣ እያንዳንዷን የሚቀሰቅሳት ግን ባለቤቷ ራሱ ነው። አንዱን ሲያስተካክል አንዱን ክር ፈትቶ ደረት ኪሱ ይከታል። ክር ካለ ሥራው ገና ነው፤ ክር ከሌለ አልቋል። በሰው ስኩተር እጅ ማስገባት በሰው ጓዳ እንደመግባት ይቆጠራል።

"በምን ገደሉት?" አለች ኒቬስ ጣቢያው ከገቡ በኋላ።

"በመርሳት።"

"ይቀመጡ፣ ሲኞር ሰኮንዶ።"

"ቆሜ ልናገር። ዘጠኝ ስኩተር ነው በቅዱስ ማርቲን ቀን ያስተኛሁት። የእሱ የመጨረሻዋ ናት። ደክሞኝ ነበር። ካቦውን ማላላቴን አስታውሳለሁ። ክሩን ማሰሬን ግን አላስታውስም።"

"አላስታውስም ማለት አላሰርኩም ማለት አይደለም።"

"ለእርስዎ አይደለም። ለእኔ ነው።"

"ጠበቃ ይጥሩ።"

"ጠበቃ ምን ይላል? ኤቫዚዮ አልሞተም ይላል?"

ወደ ቤትዎ ይሂዱ ብትለው እምቢ አለ። በር አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መሃል ከተተ። ከአስቲ ከተማ የደወለው አቃቤ ሕግ በበኩሉ ደስ አለው።

"ያመነ ሰው አግኝተሽ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው። ነገ ማታ ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።"

ኒቬስ እንቅልፍ እንደማይወስዳት አውቃ ነበር የተኛችው። ከሰኮንዶ ሌላ የሚከነክናት ነገር ነበር።

በየካቲት የኤቫዚዮ እህት ዴልፊና ጣቢያ መጥታ ነበር። ወንድምና እህት ሁለቱም ሳያገቡ አንድ ቤት ያረጁ ናቸው። "ዓይኑ ደክሟል" አለቻት። "በር ላይ የሰቀልኩትን ካፖርት 'ደህና ዋሉ' ይለዋል። መንጃ ፈቃዱን ውሰዱልኝ።" ኒቬስ ያን ቀን ሥራ በዝቶባት ነበር። የሐኪም ወረቀት ያምጡ ብላ ሸኘቻት።

እዚህ ላይ ብታቆም ደግ ነበር። በማግስቱ ቡና ቤት ገብታ ኤቫዚዮን ካርታ ሲጫወት አገኘችውና ሰው ሁሉ እየሰማ ቀለደችበት። ቀልድ ነበር። አሁን ስታስበው ፊቷ ይግላል።

ሰኞ ጠዋት ከሆስፒታል የሟቹ ዕቃ በከረጢት መጣ። ሰዓት፣ መነጽር፣ መሀረብ። ከሸሚዙ ደረት ኪስ የወጣ ነገርም አለ።

ኒቬስ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

"ሲኞር ሰኮንዶ! ይምጡ!"

ሽማግሌው እግሩን እየጎተተ መጣ። ክሮቹን አየ። ጣቱን እያስነካ ቆጠራቸው፤ ደግሞም ቆጠራቸው።

"አራተኛው የምንድን ነው?" አለችው።

"ባትሪ። ነዳጅ። ማርሚታ።" አራተኛውን ለይቶ አነሣ። "ፍሬን።"

"ስለዚህ አስረዋል። እሱም ካቦውን አጥብቆ ክሩን ፈቷል።"

ሰኮንዶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወዲያው ግን ቀና አለ።

"ታዲያ ማን አላላው?"

ስኩተሯ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሰኮንዶ ጎንበስ ብሎ ካቦውን የሚያጠብቀውን ዳዶ በባትሪ መብራት አየው። አዲስ ግራሶ ተቀብቷል፤ በግራሶው ላይ ደግሞ የብረት ጥርስ ነክሶታል። ጠርዙ ተበልቷል።

"ይሄ የኤቫዚዮ እጅ አይደለም" አለ። "ኤቫዚዮ በመፍቻ ነው የሚሠራው። ይሄ በፒንሳ የተፈታ ነው። በትንሽ ፒንሳ። በወይን ማሰሪያው።"

የወይን ማሰሪያ ፒንሳ የሌለው ቤት ሮካሴታ ውስጥ የለም። ወሩም ወይን የሚታሰርበት ወር ነው።

መንደሩ ግን አንድ ስም መንሾካሾክ ጀምሮ ነበር፤ ቴሬሲዮ። የኤቫዚዮ ጎረቤት ነው። በአንድ ረድፍ ወይን ድንበር ስድስት ዓመት ተካሰዋል። ኒቬስ አስጠራችው። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባ።

"ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የት ነበሩ?"

"ከሟቹ ጋር።"

"ሁለታችሁ ብቻ?"

"እግዜር ያውጣኝ! ዘጠኛችንም። ቄሱ ነው የጠራን። ዓምና ጭሳችሁ ቅዳሴ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዘንድሮ ሞተር ሳታስነሡ በእጅ እየገፋችሁ ኑ፣ የምታስነሡት ከቡራኬ በኋላ ነው አለን። ኤቫዚዮ ሰማይ ምድሩን አንቀጠቀጠው። 'ስኩተር ነው ወይስ ጋሪ?' እያለ።"

"እሁድስ?"

"ገፋን። ላብ በላብ ሆነን። በእጅ ስትገፊው በእግር ፍሬን ማን ይይዛል? መሪው ላይ ባለው ነው እንጂ። ከዚያ ቄሱ ጠበል ረጨን፣ አስነሣን፣ ኤቫዚዮ ቀደመን። እሱ መቼ ሰው ያስቀድማል?" ቴሬሲዮ ባርኔጣውን አወለቀ። "ስከሰው የኖርኩት ሰውዬ ነው፤ ግን ጠላቴ እሱ ብቻ ነበር። አሁን ከማን ጋር ነው የምጣላው?"

"መግፋቱን ከእናንተ ሌላ የሰማ አለ?"

"ሚስቶቻችን። ለሚስት የማይነገር ምን አለ?"

"ኤቫዚዮ ሚስት የለውም።"

"እህት አለችው። እሷን ደግሞ ከየካቲት ወዲህ አኩርፏታል። አንድ ገበታ ላይ እየበሉ ቃል አይለዋወጡም! ጨው ሲፈልግ ተነሥቶ ዞሮ ይወስዳል እንጂ አቀብይኝ አይላትም።"

"በምን ተጣሉ?" ማለት የፖሊስ ደንብ ነው። ኒቬስ አልጠየቀችም። እርሳሱን አስቀመጠችና ቴሬሲዮን ሸኘች።

የምድር ቤቱ ቁልፍ አንድ ነው። ጠባቂው ኤቫዚዮ ነበር። ቁልፉ የሚሰቀለው እሱ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ነገሩ ተገለጠላት። እንደሚገፉ የሚያውቅ ሰው ፍሬኑን ካላላ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ቁልቁለቱ ላይ እስኪደርስ ኤቫዚዮ እንደማያውቅ ያውቃልና። መግፋታቸውን የማያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር ይጠብቃል። ከምድር ቤቱ በር እስከ ቤተ ክርስቲያን ሜዳ ነው። በሜዳው ሲነዳ ገና በሩ ላይ ፍሬን ይረግጣል፣ አይዝለትም፣ ይወርዳል። ከዚያ በእግሩ ወደ ቤት።

ዴልፊና የወይን እርሻዋ ውስጥ ነበረች። ወንድሟ በሞተ ማግስት ሽርጧን ታጥቃ ግንድ ታስራለች። ከመንገድ የሚያዩዋት ሴቶች አማትበው ያልፋሉ።

"ዘገየሽ" አለቻት ዞር ሳትል።

"ፒንሳውን ልየው፣ ሲኞራ ዴልፊና።"

ያለ ምንም ጥያቄ ሰጠቻት። ጥርሶቹ መሃል ጥቁር ግራሶ አለ።

"ቅዳሜ አመሻሽ እሱ ሲወጣ ቁልፉን ወስደው ምድር ቤት ገቡ።"

"ገባሁ።"

"ዳዶውን ፈቱ።"

"ሁለት ዙር። ሁለት ዙር ብቻ።" አሁን ዞረች። "በሩ ላይ ያውቀዋል አልኩ። ይሳደባል፣ ቡራኬው ያልፈዋል፣ ስኩተሯን ለሰኮንዶ ይሰጣል። ረቡዕ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ይዤለት ነበር። ሐኪሙ ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀቱን ላንቺ አመጣለሁ። ወረቀት አይደል ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"እሁድ ቅዳሴ አልሄድኩም። እቤት ሆኜ ስድቡን እጠብቅ ነበር። ስድቡም ቢሆን ቃል ነው። አርባ ቀን አልፎታል ድምፁን ከሰማሁ። ደወሉ ሲደወል የተሳደበ የለም። ከዚያ ሰው ሲሮጥ አየሁ።"

"እየገፉ እንደሚሄዱ..."

"ማን ይነግረኛል?"

ነፋስ የታሰሩትን ቀንበጦች አነቃነቃቸው። ኒቬስ ማስታወሻዋን አውጥታ ነበር፤ አንድ ቃል አልጻፈችበትም።

"ሰኮንዶ በራሱ ላይ መስክሯል። ያውቃሉ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ዝም አሉ።"

"ዝም አልኩ። ይታሰር ብዬ።" ዴልፊና እጇን በሽርጧ ጠረገች። "አንቺ ጋ መምጣቴን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ሁለት ሰው ነው። አንቺና ራሴ ያማከርኩት ሰኮንዶ። አንቺ ሕግ ነሽ፣ አፍሽን አታላዪም። ለኤቫዚዮ የነገረው ሰኮንዶ ነው። ቤቴን ዝም ያሰኘው የእሱ አፍ ነው። ባይነግረው ኖሮ ወንድሜ ቅዳሜ ማታ ገብቶ 'ዴልፊና፣ ያ ቄስ አብዷል፣ ስኩተር ግፉ ይላል' ይለኝ ነበር። እኔም በሌሊት ተነሥቼ ዳዶውን መልሼ አጠብቅ ነበር።"

መዝገቡ ተሟልቷል። ፒንሳው አለ፤ ቃሏ አለ። ኒቬስ አንድ ነገር ሳትጨምር ይዛት ብትሄድ የሚጠይቃት አልነበረም። ሰኮንዶም ቢሆን ይፈታል። ዴልፊና ግን እስክትሞት ትጠላዋለች፤ እሱም ያላደረገውን ለመሸከም የተዘጋጀ ሰው ነው። ኒቬስ ማስታወሻዋን ዘጋች። አፈረች።

"ሰኮንዶ አይደለም" አለች።

"እሱ ነው።"

"እኔ ነኝ። ቡና ቤት ውስጥ፣ በማግስቱ።"

ዴልፊና አየቻት።

"ምን ብለሽ?"

"'እህትዎ መንጃ ፈቃድዎን ንጠቁልኝ ብላለች፤ እኔን ሳይሆን እሷን ይፍሩ' አልኩት። ስቀልድ ነው። በመዝገቡ ውስጥ እጽፈዋለሁ። የት እንደሆነ፣ ማን እንደሰማ፣ ሁሉንም።"

አሮጊቷ ያሰረችውን ቀንበጥ በጣቷ ፈተሸች።

"ሳቀ?" አለች።

"ምን?"

"ስትነግሪው። ኤቫዚዮ ሳቀ?"

"ሳቀ። ሁሉም ሳቁ።"

ዴልፊና ራሷን ነቀነቀች።

"ቤት ሲገባ ግን አልሳቀም።"

ሽርጧን ፈትታ አጣጠፈችውና መጨረሻው ግንድ ላይ አኖረችው።

"እንሂድ" አለች። "መጀመሪያ ሰኮንዶን ወደ ቤቱ ላኪው። እኔ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ።"