አራተኛው ቢም ላይ የቆመው

ሰምቼ ያጋነንኩት እንዳይመስላችሁ። ሰርካለም በራሷ አንደበት የነገረችኝን ነው የምጽፈው... ማመን አለማመን የእናንተ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ከጎረቤላ ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ ላይ ጉሙ ከገደሉ እየተነሣ ድልድዩን መዋጥ ጀምሯል።

ሰርካለም ከደብረ ብርሃን የመጣች መሐንዲስ ናት። ያረጀው ድልድይ ከባድ መኪና ይችል እንደሆነ ልትፈትሽ ነው። ድልድዩን የተሸከሙት ከግራ ወደ ቀኝ ጎን ለጎን የተጋደሙ አራት ወፋፍራም የኮንክሪት ቢሞች ናቸው፤ በየሆዳቸው ሴንሰር ለጥፋለች። ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ሲቆምባቸው ክብደቱን እንዴት እንደሚከፋፈሉት ላፕቶፗ ላይ ታያለች።

ጧት ከባልደረባዋ ከይትባረክ ጋር ተጨቃጭቀዋል። እሱ "ድልድዩ ምንም አይለውም፣ ፈርመን እንሂድ" ባይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።

ሹፌሩ ጋሽ ባየው ሲኖትራኩን በግራ ጠርዝ አቆመው። አንደኛው ቢም ብዙ ክብደት ተጫነው፤ ሁለተኛው አነስ ያለ፤ ሦስተኛው ጥቂት።

ልክ ነው።

አራተኛው ግን... ከሁሉም በላይ ተጭኖታል።

በቀኝ ጠርዝ ደግሞ ምንም የለም።

"ይትባረክ፣ ሴንሰሩን ነካክተሃል?"

"ምን ልሁን ብዬ?"

"ጋሽ ባየው፣ መኪናውን ያውጡት!"

ሲኖትራኩ ወጣ። ሦስቱ ወደ ዜሮ ተመለሱ።

አራተኛው አልተመለሰም...

"አበላሽቶብኛል" አለች በሆዷ። ራሷ ድልድዩ ሥር ወርዳ ሽቦውን አየች። ደህና ነው። መዳፏን ቢሙ ላይ አሳረፈች።

ይንቀጠቀጣል።

እንደ ሞተር አይደለም... ቆሞ የደከመው ብዙ ሰው እግሩን ሲያፈራርቅ የሚሰማ ዓይነት።

ስትወጣ ጋሽ ባየው ከመኪናው ወርዶ ጠበቃት።

"ኢንጂነር... መንገዱ ተዘግቷል አላልሽኝም?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተዘግቷል።"

"ታዲያ እነዚያ ሰዎች?"

"የትኞቹ?"

"በቀኝ በኩል የተሰለፉት። በስፖኪዮ አየኋቸው።"

ይትባረክ ሳቀ። "እናንተ ደግሞ! ቆይ፣ ባዶ መሆኑን ላሳያችሁ።"

ጉሙ ውስጥ ገባ።

ኮቴው ተሰማ... ከዚያ ቆመ።

"ይትባረክ?"



ሰርካለም ወደ ላፕቶፑ ዞረች። አራተኛው ላይ ያለው ክብደት ጥቂት ቀነሰ። ቆየና ደግሞ ቀነሰ። የአንድ ሰው ያህል... አሁንም የአንድ ሰው ያህል።

ነፋስ መጣና ጉሙን ገለጠው።

ይትባረክ ብቻውን ነው። በቀኝ ጠርዝ፣ ከለቅሶ ቤት እንደሚሰናበት ሰው፣ ጎንበስ እያለ አየሩን ይጨብጣል። ይጨብጥና አንድ እርምጃ ፈቀቅ ይላል።

"እግዜር ያጽናችሁ... እግዜር ያጽናችሁ..."

በጨበጠ ቁጥር ክብደቱ ይቀንሳል።

መጨረሻው ላይ ደረሰና እጁን ዘረጋ።

ክብደቱ አልቀነሰም።

እጁም አልተመለሰም።

"ልቀቁኝ..." አለ ቀስ ብሎ። "ልቀቁኝ እንጂ..."

ክንዱ እንደተወጠረ፣ ጫማው እርጥቡ አስፋልት ላይ ወደ ገደሉ መንሸራተት ጀመረ።