ነጋሪ ያልተገኘለት መርዶ

መምሬ ስሜነህ አርባ አንደኛውን መርዶ የተናገሩት ከምድር አራት መቶ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በሰባተኛው ወለል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር። ወታደር አንዳርጌ ምሳውን በልቷል። ሁለት ጓደኞቹም አጠገቡ ነበሩ፤ አንዱ ከታጠበው ክምር ውስጥ የካልሲ ጥንድ ይፈልጋል፣ ሌላው ማሽኑን ተደግፎ ቆሟል። መምሬ ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ መብላቱን ጠይቀው ከአፉ ሰሙና «ልጄ፣ ከቤት ወሬ መጥቷል። ብቻህን አይደለህም» አሉት። ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው። አንዳርጌ ፊታቸውን አየና ገባው፤ የሞቱት እናቱ ነበሩ። መምሬ ትከሻውን ይዘው ልቅሶው እስኪበርድ ቆዩ፣ ጸሎት አደረሱ፣ ተነሥተው ወጡ። ሊፍት ውስጥ ሲገቡ የሚያስቡት ስለ ጉልበታቸው ነበር፤ ሰሞኑን ያማቸዋል።

«ወፍ ዋሻ» ዘጠኝ መቶ ወታደር የጫነች መርከብ ናት። ከማርስ ማዶ ወዳለው ጦር ግንባር ለመድረስ አሥራ አራት ወር ይፈጅባታል፤ ስምንቱ አልፏል። ጠዋት የሚሆነው መብራቱ ሲበራ ነው፣ ማታ የሚሆነውም ሲጠፋ። በመርከቧ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የሚደርሰው የቤት ወሬ ነው። እሱንም የሚያድለው «ደብዳቤ ጠባቂ» የሚሉት ማሽን ነው፤ ከምድር በቅብብሎሽ ጣቢያዎች የሚመጣውን መልእክት ሁሉ እያነበበ ለየባለቤቱ ያደርሳል።

በመጀመሪያው ወር ማሽኑ ሞትንም እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ያድል ነበር። የጋምቤላው ልጅ አስር አለቃ ኡጁሉ የእናቱን መሞት ያነበበው በምግብ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ትሪውን እንደያዘ ነው። ከሰልፉ አልወጣም። ተራውን ጠብቆ ምግቡን አስቀዳና ተቀመጠ፤ ከዚያ ለሦስት ቀን ወደ አፉ ምንም አላስገባም። መምሬ ያን ጊዜ ገና መናደድ ይችሉ ነበር። አዛዡ ቢሮ ገብተው «ሞት በስክሪን አይነገርም፤ የማን አገር ሰዎች ነን?» ብለው ተቆጡና ደንብ አስጻፉ። መርዶ በሰው አፍ ይነገር፣ ነጋሪውም የመርከቧ ቄስ ይሁን። ሰውየው በልቶ ይሁን። ብቻውን አይሁን። ሳይነገረውም መርዶውን የሚያነሣ ደብዳቤ እንዳይደርሰው። ማሽኑ ደንቡን ቃል በቃል ተቀበለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መርዶ ሲመጣ ይይዘዋል፣ የምግብ ቤቱን መዝገብ ያያል፣ ሰዓቱ ሲደርስ በመምሬ የእጅ አምባር ላይ «በልቷል፤ ሰው አጠገቡ አለ» ብሎ ይጽፋል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ሲናገሩ መምሬ አብረው አልቅሰዋል። አሥረኛው ላይ እንቅልፍ አጡ። ሃያኛው ካለፈ በኋላ ግን ምንም አልነበረም፤ እጃቸው ትከሻ ይይዛል፣ አፋቸው ቃሉን ይላል፣ እርሳቸው ከጎን ቆመው እንደሚያዩ ሰው ናቸው። እግዜር ሸክሙን አቀለለልኝ ብለው ሊያስቡ ሞክረዋል። እውነት መሆኑን ግን አላመኑበትም።

የራሳቸው ቤት ደሴ ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ ቆይቷል፣ ወንድም እህት የላቸውም፤ ያሏቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ባለቤታቸው አስካለና ልጃቸው ትርሲት። አስካለ በየሳምንቱ ትጽፍ ነበር፤ ጣራው እንደሚያፈስ፣ የጎረቤት ውሻ ጫማ እንደሰረቀ፣ ትርሲት ለፈተና እያነበበች ምግብ እንደምትረሳ፣ «በማን እንደወጣች ታውቃለህ» ብላ። ከኅዳር መጨረሻ ወዲህ ግን አንድም ደብዳቤ አልመጣም። መምሬ የደሴው መስመር ተበላሽቶ ይሆናል አሉና ተዉት። እርሳቸው ግን እሁድ እሁድ ሁለት መስመር መጻፋቸውን አላቋረጡም፤ «ደህና ነኝ። አስካልዬ፣ ጣራውን አሠራሽው ወይ?» ደብዳቤ መቅረቱ ሊያስጨንቃቸው ይገባ ነበር። አለመጨነቃቸው አንድ ቀን ትንሽ አስደነገጣቸው፣ እሱም ወዲያው አለፈ።

ረቡዕ ጠዋት የዕለቱን የመርዶ ዝርዝር ሲከፍቱ ከታች ከዚህ በፊት ልብ ያላሉት ግራጫ መስመር አዩ። ስም የለውም። «ነጋሪ አልተገኘም። ዘጠና ሰባት ቀን ቆይቷል» ይላል። ዘጠና ሰባት ቀን ሙሉ ያልተነገረው ሰው በመርከቧ ላይ እየበላ፣ እየሳቀ፣ ካርታ እየተጫወተ ይሄዳል ማለት ነው። መምሬ ዝርዝሩን ይዘው ወደ ሃምሳ አለቃ ሰዓዳ ወረዱ። ማሽኑን የምትጠግነው እሷ ናት፤ የኮምቦልቻ ልጅ በመሆኗ መምሬን እንደ ጎረቤት ነው የምታያቸው።

«ሰዓዳ፣ ይኼ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ። አንዱ ልጅ ሦስት ወር ሙሉ ሳይነገረው ቀርቷል።»

«እስቲ ልየው መምሬ፤ ይቀመጡ።»

የጥገና ቁልፏን ሰካች። ግራጫው መስመር ተከፈተ። ሰዓዳ አነበበች፤ መልሳ አነበበች። ከዚያ ሁለቱንም እጆቿን ከሰሌዳው አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ማን ነው?» አሉ መምሬ።

«ማሽኑ ደህና ነው» አለች። ስክሪኑን አጠፋችው። ወደ እርሳቸው ዞረች፣ ዓይናቸውን ግን አላየችም። «መምሬ፣ በልተዋል?»

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ጾሙ ሁዳዴ ነው። መምሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል እንደማይቀምሱ ሰዓዳ በደንብ ታውቃለች፤ ሙስሊም ብትሆንም ትናንት እንኳ አጠገባቸው ብስኩት ስትበላ አፍራ ፊቷን አዙራለች። ይህን ጥያቄ ደግሞ መምሬ ራሳቸው አርባ አንድ ጊዜ ጠይቀውታል፤ ማሽኑ «በልቷል» ቢልም ከአፉ ካልሰሙ አይጀምሩም።

«አልበላሁም» አሉ።

ከዚያ በላይ የሚጠየቅ አልነበረም። ማሽኑ አልተበላሸም። መርዶውን የሚናገር ቄስ ፈልጓል፤ ያገኘው አንድ ቄስ ነው፣ እሱም መርዶው የመጣበት ሰው። በስክሪን ለራሱ እንዳይነግረው ደንቡ ይከለክላል፤ ለሌላ እንዳይሰጠው ሌላ ነጋሪ አልተጻፈም። ደንቡን ያወጣው ቄስ ሰው የሚሞትባቸውን ሁሉ ሲቆጥር ራሱን ረስቷል።

«ስበላ እነግርሻለሁ» አሉና ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾመኛው ሁሉ ወደ ምግብ ቤት ሄደ። መምሬ የመለዋወጫ መጋዘን በነበረችው ጠባብ የጸሎት ክፍላቸው ተቀመጡ። ሲያስቡት ቀላል ነገር ነው። ከበሉ ይነገራቸዋል። ሲነገራቸው ከሁለቱ አንዷ ትሞታለች። ካልበሉ አስካለም አለች፣ ትርሲትም አለች። ሐሳቡ የልጅ ሐሳብ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቢሆንም አልተነሡም። ረቡዕ እንዲሁ አለፈ። ሐሙስም አለፈ። ወታደሩ «መምሬ አክፍለዋል፣ ለኛ እየጸለዩ ነው» እያለ በክፍላቸው ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል። መምሬ አፈሩ። የራባቸውም ያን ጊዜ ነው። ከብዙ ወራት ወዲህ በግልጽ የተሰማቸው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ረሃብ ነበር።

ዓርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ኡጁሉ፣ ሰዓዳና አንዳርጌ ነበሩ። ኡጁሉ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዟል።

«በሶ ነው መምሬ» አለ። «ጭብጦ መጨበጥ አልችልበትም፤ አንዳርጌ ነው ያሳየኝ።»

«አልራበኝም።»

«እኔም ያን ጊዜ አልራበኝም ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ በእጅዎ አጎረሱኝ።»

«አስታውሳለሁ።»

«ታዲያ?»

መምሬ ሳህኑን አዩት። «ከበላሁ ትነግሩኛላችሁ።»

«አዎ።»

«ባልበላስ?»

ኡጁሉ ወደ ሰዓዳ ዞረ። ሰዓዳ ወለሉ ላይ፣ በሩ ሥር ተቀመጠች። «ካልበሉ እኛም ዝም ብለን እንቀመጣለን» አለች። «ግን መምሬ፣ ቤት ሆኖ የእርስዎን መልስ የሚጠብቅ ሰው አለ። ዘጠና ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።»

ይህን አላሰቡትም ነበር። ሁለቱንም በሕይወት ለማቆየት ብለው ሲቀመጡ፣ በሕይወት ያለችውን ብቻዋን ትተዋታል። እጃቸውን ሰድደው አንዷን ጭብጦ አነሡ። ቅርጿ ጠማማ ነው፣ ጨው በዝቶባታል። አፋቸው ስለደረቀ ማኘኩ ጊዜ ወሰደ። አንዳርጌ ውኃ አቀበላቸው። ሦስቱም የመጨረሻው ጉርሻ እስኪዋጥ ጠበቁ።

ከዚያ ኡጁሉ ጉልበቱ ጉልበታቸውን እስኪነካ ቀረበና «መምሬ፣ ከቤት ወሬ መጥቷል። ብቻዎን አይደሉም» አለ።

የራሳቸው ቃል ነው። አርባ አንድ ጊዜ ብለውት ነፍሱ ያለቀ፣ ልማድ ብቻ የቀረው ይመስላቸው ነበር። አሁን ከፊታቸው ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ቂጣ እንኳ ጠፍጥፎ አያውቅም፣ አንዷ በእምነት አትመስላቸውም፣ አንዱ እናቱን ካጣ ሳምንት አልሞላውም። ብቻቸውን አልነበሩም። ቃሉ እውነት ነበር፤ ሲናገሩትም ሁሉ እውነት ሆኖ ኖሯል።

«አስካለ ናት» አሉ።

«እሳቸው ናቸው» አለች ሰዓዳ። «በኅዳር። ልባቸው ነው፤ ተኝተው ሳሉ አረፉ።»

መምሬ ስሜነህ አለቀሱ። መጀመሪያ ለአስካለ ነበር። ልቅሶው አልቆም ሲል ግን ለአንዳርጌ እናትና ደረቅ ዓይናቸውን ይዘው መርዶ ለተናገሩላቸው ለእነዚያ ሁሉ ሙታን ጭምር ሆነ። ኡጁሉ ትከሻቸውን ይዞ ቆየ፤ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው።

ሰዓዳ በራሷ አምባር ላይ መርዶው መነገሩን መዘገበች፤ የመምሬ የእጅ አምባር ተንቀጠቀጠ። «ተነግሯል» ይላል፤ ከሥሩም የተያዙት አሥራ አራት ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ተለቀቁ፣ ሁሉም የትርሲት ናቸው። የመጀመሪያውን ለማንበብ አልደፈሩም። የመጨረሻውን ከፈቱ።

«አባዬ፣ ዛሬም ስለ ጣራው ጠየቅህ። ጣራው ተሠርቷል፤ ያሠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ተቆጥቼህ ነበር፤ እንዴት ምንም አይለኝም እያልኩ። አሁን ገብቶኛል፣ ገና አልነገሩህም። ያንን ደንብ እንዳወጣህ የጻፍክልን ቀን እማዬ በሳቅ ፈርሳ ነበር፤ ‹አባትሽ መብላት የሚረሳ ሰው፣ እሱ ላይ መርዶ ቢመጣ ዘላለም አይነገረውም› አለች። ብላ አባዬ። እኔም አሁን ብቻዬን ነው የምበላው፤ ግን እየበላሁ ነው።»

መምሬ ሳህኑ ላይ የቀረችውን ጭብጦ ለአራት ቆርሰው ለሦስቱ አደሉና የራሳቸውን በሉ። ከዚያ ለትርሲት መጻፍ ጀመሩ። የመጀመሪያው ቃል «በልቻለሁ» የሚል ነበር።