ክብሪት የቆረጠችው ገጽ

ልጆች፣ ክርክር ማለት ሁለት ሰዎች ያላወቁትን አንድ ነገር ለማወቅ ተቀምጠው የሚያደርጉት ንግግር ነው። ሁለቱም አስቀድመን አውቀነዋል ብለው ከተቀመጡበት ከተነሡ ግን ክርክርነቱ ይቀራል፤ ስሙም ጠብ ይባላል። የዛሬው ታሪክ የጠብ ታሪክ ነው።

ክብሪት የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ የክርስትና ስሟ አይደለም። ቀጭን ስለሆነችና በትንሽ ነገር ቦግ ስለምትል አጎቷ ያወጣላት ስም ነው። ቤታቸው ከአንድ የመጽሐፍ መጠረዣ ሱቅ ጀርባ ነበር። አባቷና አጎቷ ጠራዦች ናቸው። የሁለቱ እናት፣ አያቷ፣ ዓይናቸው ቢደክምም መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ጥራዝ ይሰፋሉ። ሱቁ ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት መጭመቂያ አለ፤ የተጠረዘው መጽሐፍ ሙጫው እስኪደርቅ እዚያ ውስጥ ታስሮ ያድራል። ያለ እሱ ሥራ የለም።

ጠቡ የጀመረው በጣሪያ ነው። የጎረቤታቸው የአንዲት መበለት ጣሪያ ያፈስ ነበር። አባቷ ከሚጸልይበት ማኅበር ወንድሞች ጋር ሄዶ ጸለየላቸው። አጎቷ መሰላል ተሸክሞ ሄደና ቆርቆሮውን መታ። ሲመለስም ጸሎቱ ቀዳዳውን አልደፈነውም ነበር ብሎ ተናገረ።

«በዚያው መሰላል መንግሥተ ሰማያት ትገባ ይሆናላ» አለው አባቷ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቁ ሰላም አላየም። አባቷ ሰው የሚድነው በእምነት ነው የሚል ሰባኪ ይሰማል። አጎቷ ሥራ የማይታይበት እምነት በድን ነው የሚል ሌላ ሰባኪ ይሰማል። ሁለቱም ጥቅሶቻቸውን በወረቀት ቁራጭ እየጻፉ እንደ ጠጠር በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ምሳ ላይ ይወራወራሉ። አንዱ ሌላውን ግብዝ አለው፤ ሌላውም አንዱን የተኛ ክርስቲያን አለው። ስለ ፍቅር የተጻፈ ጥቅስ ግን ከማንኛቸውም ኪስ አልተገኘም።

አንድ ዓርብ አጎቷ በቃኝ አለ። ሰኞ ጋሪ አምጥቼ መጭመቂያውን እወስዳለሁ፣ ልጆቼንም ይዤ ሌላ ሰፈር እገባለሁ አለ። አባቷም በሩ ሰፊ ነው ብሎ መለሰለት። አያቷ መርፌያቸውን ሳያስቀምጡ ፈረዱ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም በሟች አባታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ፊት ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የሚመካበትን ምዕራፍ ያነብላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሄድ ይሂድ።

ክብሪት ይህን ሰምታ ተናደደች። አጎቷን ጠላችው፤ አባቷን ሰድቦታልና። እንዲሄድ ግን አልፈለገችም፤ ክር ማሰር ያስተማራትና ስታኮርፍ የሚያስቃት እሱ ነው። የምንወደው ሰው ሲያናድደን፣ ልጆች፣ ንዴቱ እጥፍ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብላ አሰበች፦ አባዬ ካሸነፈ ጋሼ ዝም ይላል፤ ዝም ካለ አይሄድም። የልጅ ሐሳብ ነው። እስኪሸብቱ ድረስ ይህንኑ ይዘው የሚኖሩ ትልልቅ ሰዎች ግን ብዙ ናቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። መጽሐፍ ቅዱሱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ክብሪት አጎቷ የሚመካበትን ምዕራፍ ፈልጋ አገኘች፤ ምላጭ አነሣች፤ ገጹ ያለበትን ቅጠል ከነእጥፋቱ፣ ክሩን ታክካ ቆረጠችው። ከዚያ ፍራሿ ሥር ደበቀችው። የእግዚአብሔር ቃል ነውና መጣሉን ፈራች፤ መቁረጡን ግን አልፈራችም። የቁጣ ሕግ እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በጥራዝ ውስጥ ያለ ቅጠል ሁሉ ጓደኛ አለው። አንድ ሉክ ወረቀት ለሁለት ይታጠፋል፤ ክሩ በእጥፋቱ ያልፋል፤ ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ጥቂት ገጾች አልፎ ይቀመጣል። ሌላ ልጅ ብትሆን ገጹን ትቦጭቀው ነበር። ያኔ ከክሩ ወዲህ ጠርዝ ይቀራል፤ ያ ጠርዝም ጓደኛውን ይዞ ያቆየዋል። ክብሪት ግን የጠራዥ ልጅ ናት። ምንም ጠርዝ አላስቀረችም።

እሑድ አያቷ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። አጎቷ መጽሐፉን ወሰደና ገለጠ። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ እንደገና ገለጠ። ፊቱ ጠቆረ።

«ቆርጠኸዋል» አለው ወንድሙን።

«ምኑን?»

«ምዕራፌን። መልስ ብታጣ ምላጭ አነሣህ።»

አባቷ መጽሐፉን ከእጁ ነጥቆ ወደ ራሱ ምዕራፍ ገለጠ። ያ ምዕራፍ ከአጎቷ ምዕራፍ ጥቂት ገጽ ብቻ ቀደም ይላል። ጣቱ ሲነካው ቅጠሉ ተንሸራቶ ወጣና ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ይኸው» አለ። «የእኔን ነቅለህ ስታበቃ የራስህን ደበቅህ። ሌባ።»

ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አልነግራችሁም። ለልጆች አይሆንም፤ ለትልልቅም አይሆንም ነበር። አጎቷ ሰኞን አልጠብቅም ብሎ የመጭመቂያውን እጀታ ያዘ። አባቷ በሌላው ጫፍ ያዘ። ሁለት ጠራዦች በእሑድ ልብሳቸው፣ አንዱ ስለ እምነት ሌላው ስለ ሥራ ብለው፣ አንድ ብረት ይጓተቱ ጀመር። ክብሪት በሩ አጠገብ ቆማ አየች። አጎቷ እንዳይሄድ ብላ ያደረገችው ነገር ራሱ እያስሄደው ነበር።

አያቷ የወደቀውን ቅጠል አንሥተው ዳሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህንን የነቀለው የለም» አሉ። «የሚይዘው አጥቶ ነው የወደቀው። ጓደኛውን ከክሩ ሥር የቆረጠ ሰው አለ። ደግሞ ንጹሕ እጅ ነው፤ ሁለታችሁም በዚያ ወፍራም ጣታችሁ እንዲህ መቁረጥ አትችሉም።»

በሩ ክፍት ነበር። ክብሪት መሮጥ ትችል ነበር። አልሮጠችም።

«እኔ ነኝ» አለች። «አባዬ ካሸነፈ ጋሼ አይሄድም ብዬ ነው።»

እያለቀሰች ገብታ ቅጠሉን ከፍራሿ ሥር አመጣች። አባቷ እጁን አነሣ።

«እጅህን አውርድ» አሉት አያቷ፤ እንደዚያ ተቆጥተው ማንም አይቷቸው አያውቅም። «ይህች ልጅ በምላጭ አንድ ቀን ያደረገችውን እናንተ በምላሳችሁ ዓመት ሙሉ ስታደርጉት ነበር። እሷ እንኳ አፍራበት ደበቀችው። እናንተ አደባባይ ነው የምትቆርጡት።»



ከዚያ ሁለቱን አስቀመጡና ሁለቱ ምዕራፎች ያሉባቸውን ሁለት መልእክቶች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቅጠሎቹን በየቦታቸው እያስገቡ እንዲያነቡ አዘዙ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቀበላል። ከራሱ አንዲት ቃል የሚጨምር ከቤት ይወጣል።

አነበቡ። መጀመሪያ ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር። አባቷ የሚመካበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ፣ እምነታቸው የተመሰገነላቸው ሰዎች ሁሉ ሥራ ላይ ተገኙ፤ አንዱ መርከብ ይሠራል፣ አብርሃም አገሩን ትቶ ይወጣል፣ ልጁንም ይዞ ወደ መሥዋዕት ይሄዳል። አጎቷ የሚመካበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ያው አብርሃም፣ ከዚያው ልጁ ጋር፣ እንደገና መጣ፤ እግዚአብሔርን ማመኑም እዚያው ተጽፎለታል። ሁለቱ ወንድማማቾች ዓመት ሙሉ አንድን ሽማግሌ ወዲህና ወዲያ ሲጎትቱት ኖረዋል። አጎቷ ጉሮሮውን ጠረገ። አባቷ ወደ መስኮቱ ዞረ።

በዚህ ሁሉም ነገር አልተፈታም። ያልገቧቸውን አራት ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ጽፈው ወደ አንድ አረጋዊ ቄስ አብረው ሄዱ። ቄሱ ሁለቱን መለሱላቸው። ስለ ሦስተኛው ከእሳቸው በፊት የነበሩ አባቶች ያስተማሩትን አውጥተው አስነበቧቸው። ስለ አራተኛው፣ እኔም ገና እየጠየቅሁ ነው አሏቸው።

ክብሪት እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎም አባቷንና አጎቷን ይቅርታ ጠየቀች። አያቷ ሁለቱን ቅጠሎች በስስ ወረቀት አጋጥማ እንድታጣብቅ አዘዟት። ሦስት ጊዜ ተጣመመባት፤ ሦስት ጊዜ አስፈቷት። በአራተኛው ሰፉት።

እንግዲህ ልጆች፣ እውነተኛውን ትምህርት የሚፈልግ ሰው የሚስማማውን ብቻ ቆርጦ አይወስድም፤ ሙሉውን ያነባል፣ ከእሱ ይበልጥ የሚያውቁትን ይጠይቃል፣ ወንድሙንም ቁጭ ብሎ ይሰማል።

በአራተኛው ጥያቄ አባትና አጎት እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ መጭመቂያው ከቦታው አልተነሣም።