እሳቱ የጠፋበት ጓሮ

እልፍነሽ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የሚቀጣጠል እሳት እንደሌለ ያስታወሰችው ክብሪቱን ከያዘች በኋላ ነው። በርሜሎቹ ተከድነው ቆመዋል። የቀርከሃው ቧንቧ ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል። ሽታው ግን አልሄደም፤ የድፍድፉ፣ የጌሾውና የጭሱ ሽታ ከጭቃው ግድግዳ፣ ከነጠላዋ፣ ከጣቶቿ ቆዳ ሳይቀር ይወጣል። ልጇ ይታገሱ መጠጥ እንዲያቆም ስትል ከሦስት ቀን በፊት ምድጃውን በውሃ አጥፍታ፣ የቀረውን አረቄ ጭቃው ላይ ደፍታዋለች።

እሷ ራሷ ጠጥታ አታውቅም። ትቀምሳለች እንጂ። ሳይቀምስ የሚቀዳ አረቄ አውጪ ማን ያምነዋል? ገና ከቧንቧው ሲንጠባጠብ በመለኪያ ተቀብላ ትቀምሳለች፤ መሃል ላይ ትቀምሳለች፤ ለደንበኛ ስትቀዳ ደግሞ ዓይኑ እያየ ፉት ብላ ትሰጠዋለች። ስራዋ ነው። ባሏ ደጀኔ ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ሲሞት፣ ሐኪሙም ጉበቱ አልቋል ሲላት፣ ለቅሶ የመጣውን ሰው ሁሉ አረቄውን እየቀመሰች ነበር ያስተናገደችው።

"እትዬ እልፌ!" አለ ከአጥሩ ማዶ ደንበኛዋ ጋሽ ቱፋ። "ኧረ ጭሱ የት ገባ? ጉሮሯችን እኮ ሸረሪት አደራበት!"

"አሞኝ ነው፣ ጋሼ።"

"ይታገሱስ?"

"ዘመድ ጋ ሄዷል፤ ቡታጅራ።"

ይታገሱ ግን ከኋላዋ ባለው ክፍል ነበር። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። መጠጡን ከተወ ጀምሮ ላብ ያጠምቀዋል፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ የውሃ ኩባያ መያዝ አቅቶታል። ትናንት ጥግ ጥጉን እያየ "እታለም፣ አባዬ እዚያ ቆሟል! ዓይኑን እይው!" ብሎ እየጮኸ ወደ ጎዳና ሊሮጥ ሲል ነው የቆለፈችበት። እታለም ነው የሚላት። ታናናሽ እህቶቿ ሲጠሯት ሰምቶ ከሕፃንነቱ የያዘው ነው። አንድ ቀን እንኳ እማዬ ብሏት አያውቅም፤ እሷም ቅር እንዳላት ነግራው አታውቅም።

የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘይነባ ትናንትናውኑ ጩኸቱን ሰምታ መጥታ ነበር። "ብዙ ዘመን የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል፤ ሊሞትም ይችላል" አለቻት። "ሐኪም እያየው ነው ማቆም ያለበት። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ እንውሰደው፣ እትዬ እልፍነሽ።"

"ነገ" አለች እልፍነሽ። ክፉ ክፉውን ማሰብ ልማዷ ነው። ጤና ጣቢያው ከገበያው ወዲያ ነው፤ ደጀኔን ያን መንገድ በቃሬዛ ወስዳው በሕይወት አልተመለሰላትም።

ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ቤቱ እንደ መሸ ጨለመ፤ ከጨለማው ውስጥም የአልጋው ሽቦ ሲንቋቋ፣ ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ፣ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ወደ በሩ ሮጠች፤ እጇ ግን እሺ አላላትም። ቁልፉ የጓጉንቸሩን አፍ ዳር ዳሩን እየመታ ተንሸራተተባት፤ ደግማ ሞከረች፤ ከእጇ ወደቀ።

"እማዬ።"

ባለችበት ደርቃ ቀረች።

"ተይው፣ አትክፈቺ" አለ ከውስጥ፣ ቀስ ብሎ። "አሁን ተሽሎኛል።"

እልፍነሽ በሩን ተደግፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። እማዬ አላት! ድምፁ ያን ሁሉ የስካር ሻካራነት ጥሎ፣ ፈረስ ሳዪልኝ እያለ እግሯ ስር ይንከባለል እንደነበረው ጊዜ ለስልሷል። ቀኑን ሙሉ አወሩ። ዝናቡ የጎረቤቱን ውሻ ጩኸት እንኳ ውጦታል፤ የሱ ድምፅ ግን ከጆሮዋ ስር እንደሚመጣ ጥርት ብሎ ይሰማታል። ይህ ነገር ለምን እንደሆነ ልታስብ ጀምራ ተወችው።

ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቃት። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ተሰልፎ ወደ ጣራው ሲወጣ አይታ በነጠላዋ ጠረገችው፤ ነጠላው ላይ ምንም አልነበረም። ምድጃው እንደጠፋ ነው፤ ግን አሁን ከቧንቧው የወረደ የትኩስ አረቄ ሽታ አፍንጫዋን ሞላው።

"ደክሞሻል፣ እማዬ" አለ ድምፁ። "እጅሽ እኮ ይንቀጠቀጣል።"

እጇን አየች። በተዘጋ በር እንዴት እንዳየው አልጠየቀችውም።

ዝናቡ ሲያባራ ዘይነባ ቃሬዛ የያዙ ሁለት ጎረምሶች አስከትላ መጣች። እልፍነሽ ፈገግ ብላ ተቀበለቻት። "ድኗል! እማዬ እያለ ሲያጫውተኝ ነው የዋለው።"

ዘይነባ በሩን አየች፤ ከዚያ መሬት ላይ የወደቀውን ቁልፍ አንስታ ከፈተች። ይታገሱ ወለሉ ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል። ከአፉ የወጣው አረፋ ጉንጩ ላይ ደርቋል። ዘይነባ ተንበርክካ ክንዱን ልታነሳ ሞከረች፤ ክንዱ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለ። ጎረምሶቹ ወደ በሩ አፈገፈጉ።

"እትዬ እልፍነሽ" አለች ዘይነባ፤ "ልጅዎ ካረፈ ብዙ ሰዓት ሆኖታል። ከረፋዱ ጀምሮ ሊሆን ይችላል።"

እልፍነሽ ራሷን ነቀነቀች። ዘይነባ ቀና ስትል የሴትየዋን ፊት አየች፤ ግንባሯ ላይ የተንቆረቆረውን ላብ፣ ነጠላዋን ይዘው የሚንዘፈዘፉትን ጣቶቿን አየች። ብድግ ብላ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት።

"ይንገሩኝ እስቲ" አለቻት በጣም በቀስታ፤ "እርስዎስ? ለመጨረሻ ጊዜ የቀመሱት መቼ ነው?"

እልፍነሽ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት፣ ከባዶው አልጋ በኩል ያ ለስላሳ ድምፅ ቀደማት፦ "እማዬ፣ እንዳትነግሪያት።"