ጫፉን ያዢ

«መጠባበቂያ ፓራሹቱ የለም አልኩህ እኮ፤ እማዬ ለሰው ሰጥታዋለች፤» አለች አገሬ በሩን ገርበብ አድርጋ እንደያዘች።

ዲሪዬ አመናት። ጎረቤቷ ነው። ከካራማራ ተራራ ላይ በፓራግላይደር፣ ማለትም በጨርቅ ክንፍ፣ መብረር ያስተማረው የአገሬ አባት አምሀ ነበር። አምሀ ድሮ የአየር ወለድ ወታደር ነበር፤ ኋላ ሐርተሼክ በሚገኘው የስደተኞች ካምፕ ሾፌር ሆኖ ሲሠራ፣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ክንፉን ከነመጠባበቂያ ፓራሹቱ ትቶለት ሄደ። አምሀ አምና ታሞ ሲሞት ክንፉ ለዲሪዬ ተሰጠ። መጠባበቂያው ግን የለም ተባለ።

የት ይጠፋል? አገሬ አልጋ ላይ ነው። የትራስ ልብስ አልብሳ ትተኛበታለች። ያጠፈው አባቷ ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ እጁ እንዳስቀመጠው የቀረ ሌላ ነገር የለም። እናቷ ስለ እሱ አታወራም፤ ትምህርት ቤት ደግሞ የሚጠይቃት የለም። ሲብስባት ትራሱን ታወራዋለች። ሰው ቢሰማ አበደች ይላታል፤ ይበል!

«እንግዲያው ያለሱ እበራለሁ፤» አለ ዲሪዬ። «ነገ ነፋሱ ጥሩ ነው።»

«አየር ላይ ክንፉ ቢኮማተርብህስ? ምን ፓራሹት ልትወረውር ነው?»

«አቦ፣ አታስፈራሪኝ! ክንፉ ወላሂ ጤነኛ ነው፤» ብሎ ወደ ግቢው በር አመራ።

አገሬ ሮጣ ገብታ ትራሱን አነሳች። እንዳለ ብትሰጠው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ካልተጠቀመበትም የአባቷ እጥፋት ሳይነካ ይመለስላታል። ግን አባቷ በየስድስት ወሩ ይፈታው ነበር። ጥላ ውስጥ አናፍሶ እንደገና ሲያጥፈው እሷን «ጫፉን ያዢ» ይላታል። «ታጥፎ የከረመ ፓራሹት ትራስ ነው» እያለም ይቀልድ ነበር።

«ዲሪዬ! ና እስቲ!»

ተመልሶ መጣ። የትራስ ልብሱን ስታወልቅ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ዋሸሁህ፤» አለችው።

«አልሐምዱሊላህ! በቃ ስጪኝ፣ ነገ...»

«ነገ አትበርም።»

የፓራሹቱን ቀይ እጀታ ሳበችው። ጨርቁ ተዘረገፈ። ገመዶቹን ያሰረው ላስቲክ ግን በሙቀት ደርቆ ከገመዱ ጋር ተጣብቋል፤ በጥፍሯ እየፋቀች ነው ያስለቀቀችው።

ዲሪዬ ላስቲኩን አገላብጦ አየው። «ይሄ እኮ... አይከፈትም ነበር።»

የአባቷ እጥፋት መሬት ላይ ተዝረክርኮ ነጭ ክምር ሆኗል። አገሬ አለቀሰች።

ጨርቁን እንዲናፈስ ሳሎን ውስጥ ሰቀሉት። እናቷ ከሥራ ስትገባ መተላለፊያ አጥታ በር ላይ ቆመች።

«እሱም ሳሎኔን እንዲህ ነበር የሚያጣብብብኝ፤» አለች። ስለ አባቷ ስታነሳ አገሬ ከሰማች ቆይታ ነበር።

አዲስ ላስቲክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ በረራው ቀረ። የመጣ ዕለት አገሬ ጨርቁን ምንጣፉ ላይ ዘረጋችና አባቷ ይንበረከክበት በነበረው በኩል ተንበረከከች። ዲሪዬ የት እንደሚቆም ግራ ገብቶት ያያታል።

«ጫፉን ያዝ፤» አለችው።