የኩሽናው በር ድንጋይ

ለሌላው ሴት አበባ ይሰጣታል፤ ለእኔ የተሰጠኝ አውሬ ነው። ያውም ከሞተ ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ያለፈው፣ ዓሣ የሚመስል፣ ጥርሱ የሚያስፈራ የባሕር አውሬ!

የእኛ የከብት እርባታ ሰሜን ኩዊንስላንድ ውስጥ ነው። ዛሬ አቧራና ላም ብቻ የሚታይበት ሜዳ በዳይኖሰሮቹ ዘመን ባሕር ነበር። አባቴ ዴስ የውኃ ቱቦ ሊቀብር ሲቆፍር አከርካሪ የሚመስል ነገር አወጣና ሙዚየም ደወለ። ሙዚየሙም የጥንት አጥንት አጥኚውን ኦወንን ላከልን።

ኦወን ከፒካፑ ሲወርድ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ ነበር።

«እንደምን ዋሉ አቶ ሃሎራን?»

«አቶ ሃሎራን የሚባለው አባቴ ነበር፤ እኔን ዴስ በለኝ። ኮፍያ የለህም እንዴ? ልትጠበስ ነው እኮ!» አለና አባቴ የራሱን አሮጌ ኮፍያ አናቱ ላይ ደፋለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ማርኒ፣ አግዢው። ብቻውን ከተውነው ይሞትብናል።»

አገዝኩት። አፈሩን በብሩሽ እየጠረግን፣ አጥንቱ እንዳይሰባበር በሶፍት እየሸፈንን፣ በላዩ ጀሶ የጠጣ ጆንያ እየጠቀለልን ሰነበትን።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ አንድ ቀን።

«ጺምህ ላይ ጀሶ አለ።»

«የቱ ጋ?»

«የሌለበትን ብትጠይቀኝ ይቀላል።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። እኔም ያን ቀን ጠፋሁ፤ ምን እደብቃለሁ!

የአውሬው ራስ ለሁለት ተሰብሮ ነው የወጣው፤ የኋላው የራስ ቅል ለብቻ፣ የመንጋጋው ጫፍ ለብቻ። ኦወን መጋዘናችን ውስጥ ሁለቱን ስብራቶች ሲያገናኛቸው ለዓይን ልክክ አሉ። ሙጫ ቀባና እኔ በአንድ ወገን፣ እሱ በሌላው ወገን ይዘን ቆምን። ሙጫው እስኪደርቅ መልቀቅ አይቻልም። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሙጫው ከደረቀ በኋላም አልለቀቅንም።

በማግስቱ መንጋጋውን ለክቶ ሲያበቃ እየሮጠ ኩሽና ገባ።

«ማርኒ! እንዲህ አጭር መንጋጋ ያለው ከዚህ በፊት አልተገኘም። አዲስ ዝርያ ነው!»

«ታዲያ ስሙን ማን ያወጣለታል?»

«ገልጾ የሚጽፈው ሰው ነው። በራስ ስም መሰየም ነውር ነው። በሌላ ሰው ስም ግን...» ጆሮው ቲማቲም መሰለ። «አንቺ ቅር ካላለሽ።»

እንዴት ቅር ይለኛል? አባቴ ለአላፊ አግዳሚው «ልጄ አውሬ ሆነችልኝ!» እያለ አወራ። የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሞሪን ደግሞ ጽሑፉ ገና ሳይወጣ «የማርኒ አውሬ አገር» የሚል ሰሌዳ አጽፋ በሯ ላይ ሰቀለች።

ለእኛ ለሁለታችን ግን ነገሩ ከስም በላይ ነበር። የኦወን የሥራ ውል ሊያልቅ ተቃርቧል። አዲስ ዝርያ ካወጣ ሙዚየሙ ያስቀረዋል፤ በየዓመቱም እኛ ዘንድ እየመጣ ይቆፍራል። ካልሆነ ሌላ አገር ሄዶ ሥራ መፈለጉ ነው። ተስፋችን ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያ አጭር መንጋጋ ላይ ነበር።

ጽሑፉን ሊልክ ሲዘጋጅ እኔ ኩሽናውን እየወለወልኩ ነበር። ዝንብ የሚከለክለው የወንፊት በራችን ነፋስ ሲነካው ይደበደባል፤ ስለዚህ አያቴ ከዚያው ሜዳ ያመጣው ድንጋይ ነው ደግፎ የሚይዘው። ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬን ሲመታኝ የኖረ ድንጋይ! ላነሳው ስል ውኃ ፈሰሰበት። አቧራው ሲለቅ ከሥሩ የጥርስ ረድፍ ብቅ አለ።

እርጥቡ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ይሄ የመንጋጋው መሃል ከሆነ አጭር መንጋጋ የሚባል ነገር የለም።

ኩሬ ውስጥ ብወረውረው ማን ያያል? እውነቱን ልናገር፣ ኩሬውን በመስኮት አይቼዋለሁ። ግን አንድ ቀን ሌላ አዋቂ መጥቶ ስህተቱን ቢያገኘው የሚዋረደው ኦወን ነው። ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፌ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።

«ይሄን እየው።»

አየው። ሙጫውን አሟሙቶ መንጋጋውን አላቀቀና ድንጋዩን መሃል አስገባው። ገጠመ። አጭሩ መንጋጋ ረጅም ሆነ።

«ይሄን አውሬ አውቀዋለሁ» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ስም ከወጣለት ቆይቷል።» ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ስብራትን ከመለጠፍ በፊት በአጉሊ መነጽር ማየት ግድ ነው። ጀማሪ እንኳ አይስተውም። እኔ ግን ያን ጊዜ የማየው አንቺን ነበር።»

በዚህ መሃል ልቤ መደሰቱ! አያፍርም።

«ስምሽን ቀማሁሽ፣ ማርኒ።»

«ስሜማ የትም አልሄደ፤ የምትሄደው አንተ ነህ! እወድሃለሁ እኮ፣ አንተ ደደብ!»

«እያወቅሽ ነው ያመጣሽልኝ?»

«ታዲያ ውሸት እንድታሳትም ልተውህ?»

እጄን ያዘ። ጀሶ ጀሶ የሚሸተውን መዳፉን ጉንጬ ላይ አስደግፌ አለቀስኩ። በማግስቱ አውሬውንና ድንጋዩን ጭኖ እውነቱን ለአለቃው ሊነግር ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በሩ ጓ! ጓ! ሲል ይውላል።

«ሰውዬው ድንጋዬንም ኮፍያዬንም ወሰደ» አለ አባቴ ሻዩን እያማሰለ። «ምናለ አንቺንም ወስዶ ቢገላግለኝ! ፊትሽ እንደሁ ተኮሳትሮ ወተት ያበላሻል።»

ሞሪንም ሰሌዳዋን አላወረደችም፤ ከሥሩ «አውሬው ሌላ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማርኒ ግን አለች» ብላ ጨመረችበት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሳህን ሳጥብ በሩ ጓ ማለቱን አቆመ። ነፋሱ ግን አልቆመም። ዞር ስል ኦወን የአባቴን ኮፍያ እንደደፋ በሩን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«አለቃህ ምን አለች?» አልኩት፤ ሳህኑን እንደያዝኩ።

«መጀመሪያ ተቆጣች። እኔም በአንድ ቤት በር ሥር ይሄ ከተገኘ በሌላው ቤት በር ሥር ምን ይኖር ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ከዚያ ውሌን አድሳ ሂድና እየው አለችኝ። በዚህ አገር በር የተደገፈበትን ድንጋይ ሁሉ ልመረምር ነው። እርባታው ደግሞ ብዙ ነው፣ መንገዱም ሩቅ። ዕድሜ ይፈጃል።»

«ከየትኛው ቤት ልትጀምር?»

«ከዚህ። ይሄ በር የሚይዘው የለውም።»

ልመልስለት አፌን ስከፍት አባቴ ከሳሎን ጮኸ።

«ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ! ዝንብ አስገባህብን እኮ!»

ኦወን አየኝ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

በሩን ለቆ ገባ። በሩም ከኋላው ጓ ብሎ ተዘጋ፤ ዞሮ ያየው ግን አልነበረም።