በኦርቪል ማማ ሥር የተገኙት ፖሞች

አርብ ጠዋት፣ የአጋዘን አደን ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ በኦርቪል ቴሽ የአደን ማማ ሥር ሦስት ባልዲ የሚሞላ ፖም ተከምሮ ተገኘ።

ሬሳ ቢገኝ ኖሮ ወረዳችን ይህን ያህል አይደነግጥም ነበር።

ኦርቪል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የአደን ደንብ ያስተማረ ሰው ነው። በእኛ በኩል፣ በሰሜን ዊስኮንሲን፣ ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ወይ የእሱ ተማሪ ነው ወይ የተማሪው ልጅ። የመጀመሪያው ቀን ትምህርቱም በየዓመቱ አንድ ነው፦ «የራበውን ጠርቶ መግደል አደን አይደለም፤ ክህደት ነው።» እንግዲህ አጋዘን ሊያባብል ምግብ ዘረጋ የተባለው ይህ ሰው ነው።

ጥቆማው የመጣው በስልክ ነበር። ደዋዩ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ፣ ድምፁን አወፍሮ ቦታውን ተናገረ። ሊዘጋ ሲል ግን «አመሰግናለሁ የኔ ልጅ፤ ደርበሽ ውጪ፣ ይበርዳል» አለ። የዱር እንስሳት ጥበቃ መኮንኗ ጃኔል ኮስቲችካ በዘጠኝ ዓመት ሥራዋ እንዲህ የሚያስብላት ጠቋሚ ገጥሟት አያውቅም።

አሁን ከክምሩ አጠገብ ተንበርክካለች። ኦርቪል ከበላይዋ ቆሟል። ጠመንጃ አያያዟን በአሥራ ሁለት ዓመቷ ያረመው እሱ ነበር።

«ሚስተር ቴሽ፣ ማማው የእርስዎ ነው?»

«አርባ አራት ዓመት የወጣሁበት ነው። ታውቂያለሽ።»

«ፖሙስ?»

«የሰይጣን ነው!»

ፊቱ ቀላ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ስታየው ጊዜ ቶሎ አወረደው።

«ሕጉን እኔ ልንገርዎ ወይስ ይነግሩኛል?»

ኦርቪል እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ። «በወረዳችን ለአጋዘን ምግብ ማስቀመጥ ክልክል ነው። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ሲበሉ ያ የሚያመነምናቸው በሽታ ይተላለፋል። ምግቡ ከተነሳም በኋላ እስከ አሥር ቀን እዚያ ቦታ ማደን አይፈቀድም።»

አደኑ የሚቆየው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው። ሽማግሌው በጣቶቹ ቆጠረ፤ ጣቶቹም አለቁ።

«ያስቀመጡት እርስዎ ከሆኑ ደግሞ» አለች ጃኔል ሳትወድ፣ «ማስተማሩም ይቀራል።»

«ጃኒ፣ ታምኚኛለሽ?»

«የእኔ ሥራ ማመን አይደለም።»

አመነችው እንጂ፣ ከልቧ። ግን ማመን ማስረጃ አይሆንም። አንድ ፖም አነሳች። ጎኑ ላይ በቢላ የተፈለፈለች ትንሽ ጎድጓዳ ነበረች። ሁለተኛውን አነሳች፤ እሱም እንደዚያው። አሥራ ሁለት አየች። ትል የነካው ቦታ ሁሉ በጥንቃቄ ተቆርጦ ወጥቷል።

ሦስቱን በከረጢት ከተተችና ወደ ሊሮይ ፑካል ቤት ነዳች።

ሊሮይ የኦርቪል ጎረቤትና ባላንጣ ነው። ማባበያ በተነሳ ቁጥር ሁለቱ ለሃያ ዓመት ተጨቃጭቀዋል። ሊሮይ ማማ አይወጣም። ጫካው ዳር ላይ ጣውላ ቤት ሠርቶ፣ ምድጃ አስገብቶ፣ ትራስ ያለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድናል። ኦርቪል ቤቷን «ሆቴሉ» ይላታል። በአካባቢው የፖም ዛፍ ያለውም ሊሮይ ብቻ ነው። ከዚህ በላይ የተመቸ ተጠርጣሪ ከየት ይመጣል?

«ልጠይቅሽ» አለ ሊሮይ፣ ገና ሳትጠይቀው። «ከዛፍ የወደቀ ፖም ወንጀል ነው?»

«አይደለም።»

«አጋዘን መጥቶ ቢበላውስ?»

«አይደለም።»

«እኔ እዚያው ተቀምጬ ብተኩስስ?»

«አይደለም።»

«ያንኑ ፖም አንስቼ አሥር እርምጃ ወዲያ ባስቀምጠው?»

«ወንጀል ነው።»

«አየሽ! ኦርቪልስ ዓሣ ሲያጠምድ ትሉን መንጠቆው ላይ የሚሰካው ለጌጥ ነው?»

«እኔ ልጠይቅ ሚስተር ፑካል። መጋዘንዎ ውስጥ ያየሁት አሥራ ስምንት ጆንያ በቆሎ ለምንድን ነው?»

ሊሮይ የምድጃውን በር ከፈተላት። በቆሎው ቀይ ሆኖ ይነዳል። «ቤት ላሞቅበት ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አታድርጊ።»

«ኦርቪልን ለማስከሰስ ፖሙን አስቀምጠው ቢሆንስ?»

«ለእሱ ሦስት ባልዲ? አንድ ይበቃው ነበር።» ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። «ደግሞም ባልዲዎቼ እዚህ የሉም። ሰኞ ቬርና ፖም ሞልታ ወሰደቻቸው። ማርመላታ ልሠራ ብላ።»

ጃኔል አመስግና ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ትንሽ ተቀመጠች። ቬርና የኦርቪል ሚስት ናት።

የቴሾች ማድ ቤት ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። የፖም ሽታ የሚባል ነገር የለም። ኦርቪል ጠረጴዛው ላይ አገጩን ደግፎ ተክዟል። ቬርና በትንሽ ቢላ ድንች ትልጣለች።

«ማርመላታው ደረሰ ሚስስ ቴሽ?» አለች ጃኔል።

«የምን ማርመላታ?» አለ ኦርቪል።

ባል ለምንም ባይሆን ለምስክርነት ይጠቅማል። ቬርና ድንቹን ትኩር ብላ አየችው። ጃኔል ሦስቱን ፖሞች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ለአጋዘን ፖም የሚደፋ ሰው፣ ትል የነካውን እየመረጠ ቆርጦ ያወጣል?»

«እኔ ትል ያለበት ምግብ ለማንም አላቀርብም!» አለች ቬርና።

ካለች በኋላ ነው የሰማችው። ቢላዋን አስቀመጠች።

«ቬርና?» አለ ኦርቪል።

«ትናንት ልታስተምር ስትሄድ ነው የወሰድኩት» አለች። «በጋሪ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ። የደወልኩትም እኔው ነኝ። ወገቤ አሁንም አልቀና አለኝ።»

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ሐኪሙ ስለ ልብህ ምን አለህ?»

ኦርቪል ወደ መስኮቱ ዞረ። «መሰላል አትውጣ አለ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«የት ታውቃለህ፣ አድነህ አታውቅም አልኩት።»

«ለመንኩህ። ልጆቹ በስልክ ለመኑህ። ቄሱ እዚህ ድረስ መጥተው ለመኑህ፤ አብልተህ ሸኘሃቸው። በዕድሜህ ሙሉ ሳታንገራግር የታዘዝከው ነገር ቢኖር ሕግ ብቻ ነው። እኔም ሕግ አመጣሁልህ። አደኑ ዘጠኝ ቀን፣ እገዳው አሥር። ቆጥሬ ነው።»

«ስሜን አጠፋሽው ቬርና! ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራሁትን ስም!»

«ስም ይመለሳል። ከማማው ወድቀህ፣ በረዶ ላይ ደርቀህ ባገኝህ ግን...»

ጃኔል ዓይኗን ወደ ፖሞቹ መለሰች። ሁለቱ አዛውንቶች ተፋጠጡ። ኦርቪል ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ሚስቱን ለረጅም ጊዜ እንዲህ በደንብ አይቷት አያውቅም ነበር።

«እንደ አጋዘን ነው ያጠመድሽኝ» አለ በመጨረሻ።

«አጋዘንማ ይሻላል፤ አደጋ ሲጠጋው ይሸሻል።»

ጃኔል የቅጣት ወረቀቱን አወጣች። የምትጽፈው ግልጽ ነበር፦ ለአጋዘን ምግብ ማስቀመጥ፤ ፈጻሚ፣ ቬርና ቴሽ። ብዕሯ ገና ወረቀቱን ሳይነካ ኦርቪል እጁን ዘርግቶ ሸፈነው።

«በእኔ ስም ጻፊው።»

«ሚስተር ቴሽ!»

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት። ባልዲውንም እኔ ነኝ የተሸከምኩት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ አንድ ቀን ተከሳ አታውቅም።»

«ማስተማሩ ይቀርብዎታል እኮ።»

«ይቅር።»

ጃኔል እጁን ቀስ ብላ ከወረቀቱ ላይ አነሳችው። «ለመኮንን መዋሸትም ወንጀል ነው። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ቬርና ወረቀቱን ተቀብላ በኩራት ፈረመች። ከዚያ ወንጀለኛዋ ለመኮንኗ ሾርባ አቀረበችላት።

ወሬው ከሰዓት በፊት ሊሮይ ጆሮ ደረሰ። ወዲያው ለኦርቪል ደወለ። «ሆቴሌ ውስጥ ትርፍ ወንበር አለ። መሰላል የለውም። ከመጣህ ግን አትስበክብኝ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጃኔል በቴሾች በር ስታልፍ ቬርና ደጃፉ ላይ ካፖርት ደርባ ቆማ አየቻት። መኪናዋን አቁማ ወረደች። ከጫካው ዳር ጩኸት ይመጣል።

«ትሉስ? ትሉስ ለጌጥ ነው?»

«ዓሣና አጋዘን አንድ ነው ወይ አንተ!»

«እንዲህ እየጮኹ እንኳን አጋዘን ዝሆንም አይጠጋቸው» አለች ጃኔል።

«እሽሽ! ልስማበት» አለች ቬርና።

ድንገት ጩኸቱ ቆመ። ጫካው ጸጥ አለ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ። ተኩስም የለ፣ ድምፅም የለ። ቬርና የጃኔልን እጅጌ ጨምድዳ ያዘች። ጃኔል ወደ መኪናዋ ልትሮጥ አንድ እግሯን አነሳች።

«ቀስ አድርገህ ማኘክ አትችልም? አጋዘኑን አስደነበርከው እኮ!» የሚል የኦርቪል ድምፅ ዛፎቹን ሰንጥቆ መጣ። «አንተ ዕድሜህን ሙሉ ብስኩት ስትቆረጥም ነው አጋዘን ያጣኸው!»

ቬርና እጅጌውን ለቀቀች። ዓይኗን በካፖርቷ ጫፍ ጠረገች።

«ዛሬ በጣም ደህና ነው» አለችና ወደ ቤት ገባች።